ወንዳፍራሽ ተሸክሞት የመጣው ድንጋይ

ባሌን «ቅዱስ ነው» እያላችሁ አታናዱኝ። ሰበታ ውስጥ ከአስፋልቱ እስከ እኛ ሰፈር ዳገት ድረስ «ካሳሁንማ መልአክ ነው፤ ቂም የሚባል አያውቅም» የማይል ሰው የለም። እሺ ይባል። ግን ይህን የሚሉት እነማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ? ሲወስዱት ከመጋረጃ ጀርባ ቆመው ያዩት ናቸው። ሲመለስ ደግሞ «ተወው እንግዲህ፣ አንተ ትልቅ ሰው ነህ» ያሉት እነሱው ናቸው። መልአክ አይበላም፣ አይከፋውም፣ ስለዚህ ለማንም አያስቸግርም። የእኔ ባል ግን ይበላል፤ ይከፋዋልም። እኔ ሚስቱ የሺሃረግ ነኝ። ሃያ አንድ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁና የሆነውን ከእኔ ስሙ።

ካሳሁን የመርሐቤቴ ልጅ ነው። በአራት ዓመቱ ኩፍኝ ሁለቱንም ዓይኖቹን ወሰደበት። በስምንት ዓመቱ አጎቱ አምጥቶ እዚህ ሰበታ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አስገባው፤ እዚያው በጣቱ ማንበብ ተማረ፣ እዚያው አደገ። ከዚያ በስልክ ማዞሪያ ሠልጥኖ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ኦፕሬተር ሆኖ ተቀጠረ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ስፖንጇ የወጣ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሰው ስልክ ሲያገናኝ ኖረ። ሦስት መቶ ሰው በድምፅ ብቻ ይለያል። ደዋዩ ገና ሲተነፍስ በኦሮምኛ ሰላምታ ጀምሮ «አካም ቡልተኒ ኦቦ ጎበና! ጉንፋኑ አለቀቀዎትም እንዴ?» ይላል። ሰዎች ያን ለመስማት ብለው ያለ ጉዳይ ይደውሉ ነበር።

አንድ ተሰጥኦ አለው፤ የሰው ድምፅ ያስመስላል። እንደ ታክሲ ረዳት «ሰበታ ሰበታ! አንድ ሰው ብቻ! የሞላ!» ሲል እንግዳ ቦርሳውን ይዞ ይነሳል። የቄሱን ሳል፣ የሥራ አስኪያጁን ማዛጋት፣ የእኔን ንዴት ሳይቀር ያመጣዋል። ስቆጣ ያልኩትን በራሴ ድምፅ ይመልስልኛል፤ ተናድጄ ጀምሬ ሆዴን ይዤ እየሳቅኩ እጨርሳለሁ። በይቅርታ በኩል ግን ሰውዬው ያናድዳል። አንድ ጊዜ ቅዳሴ ገብቶ ጫማውን ሰረቁትና በካልሲ ቤት መጣ። «ብቻ ልኩ ከሆነ ጥሩ ነው፤ አርባ ሦስት ቁጥር ለሁሉም አይሆንም» አለኝ። እኔ ሌባውን ስረግም ዋልኩ፤ እሱ ለሌባው እግር ሲያስብ ዋለ።

ወንዳፍራሽ ደግሞ የዚያው ፋብሪካ የአስተዳደር ኃላፊ ነው። ግቢው ከእኛ ሦስተኛው ነው፤ በሚካኤል ማኅበርም አብረን ጽዋ እንጠጣለን። ለሰው የማይመች ሰው ነው። የሐዘን ፈቃድ ስትጠይቀው ከአባቱ መሬት ቆርሶ የሚሰጥህ ይመስለዋል። አነጋገሩ ሁሉ «ትእዛዝ ነው! ጨርሻለሁ!» ነው። የካሳሁንን በትር ደብቆ፣ ግድግዳ እየዳበሰ ሲፈልግ ቆሞ እያየ የሚስቅ ሰው ነው፤ ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ። ካሳሁን ግን የወንዳፍራሽ ሚስት ቲቲ ምጥ የጠናባት ቀን፣ ከዚያች ወንበር ሳይነሳ ስድስት ቦታ ደውሎ አምቡላንስ አግኝቶላታል። ሰውዬው ለዚህ አንድ ቀን እንኳ አላመሰገነውም።

የ2009 እንቁጣጣሽ ዕለት ፋብሪካው ለሠራተኛው ግብዣ አደረገ። «ካሳሁን ይነሳ! ካሳሁን ይነሳ!» ተባለና ተነሳ። ማንን ቢያስመስል ጥሩ ነው? ወንዳፍራሽን! «የእናትህ ቀብር ነው? ፎርም ሞልተሃል? ሳትሞላ ማን ሙቺ አላት? ትእዛዝ ነው! ጨርሻለሁ!» ሲል አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ወንዳፍራሽም ሳቀ፤ ጆሮው ግን በርበሬ መስሎ ነበር። ስንመለስ «ነካኸው» አልኩት። «አጠፋሁ መሰለኝ፤ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ» አለኝ፤ በማግሥቱም ሄዶ ጠየቀው። ወንዳፍራሽ «ምንም አይደል» አለው። ምንም አይደል ያለው በአፉ ነበር።

ሦስት ሳምንት አለፈ። የዚያን ጊዜውን ሁኔታ የዚህ አገር ሰው ያውቀዋል። ከማስተር ፕላኑ ወሬ ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም ሰላም አላደሩም። መሬቱ የሄደበት ገበሬ፣ ልጁ የሞተበት አባት ሞልቶ ነበር። የሰፈራችን ሽማግሌ ኦቦ ጎበና ራሳቸው ጤፍ ያጭዱበት የነበረው ማሳ ዛሬ የሰው መጋዘን ቆሞበታል። በላዩ ላይ የእሬቻው ሐዘን መጣ። በተቆጣው ሰው ሁሉ ላይ ለመፍረድ እኔ ማን ነኝ? የእኔ ጣጣ ከአንድ ሰው ጋር ነው።

በዚያ ሳምንት አንድ ጠዋት ብዙ ሕዝብ እየጮኸ ወደ ፋብሪካው መጣ። ዋናው በር ተቆልፎ ነበር። ወንዳፍራሽ ግቢ ውስጥ ገና ሽታው ያልለቀቀ አዲስ መኪና አቁሟል። ስልክ አነሳና «ካሳሁን፣ የኋላ በር ዘበኛ ጋ አገናኘኝ» አለ። ካሳሁን አገናኘው። ያ ማዞሪያ አሮጌ ነው፤ ኦፕሬተሩ መስመሩን እስኪለቅ ድረስ የሚባለው ይሰማዋል። «ክፈት! ትእዛዝ ነው! ጨርሻለሁ!» አለ ወንዳፍራሽ። ዘበኛው ሀሰኖ ከፈተ። መኪናዋ በሩ ጋ ሳትደርስ ሰዉ ቀድሞ ገባ። ወንዳፍራሽ መኪናውን እዚያው ጥሎ በአጥር ዘለለ። የጥጥ መጋዘኑ ነደደ። እግዚአብሔር ይመስገን የሞተ የለም፤ ሰው ያልሞተውም ካሳሁን ከወንበሩ ሳይነሳ በየክፍሉ እየደወለ «በፊት በር ውጡ፣ ወደ ኋላ እንዳትሄዱ» ሲል ስለቆየ ነው። እሱን ራሱን በጭስ ውስጥ እጁን ይዞ ያወጣው ሀሰኖ ነው።

ከዚያ «የኋላውን በር ማን አስከፈተ?» ተብሎ ምርመራ ተጀመረ። ሀሰኖ እውነቱን ተናገረ፤ «አቶ ወንዳፍራሽ በስልክ ክፈት አሉኝ፣ ድምፃቸው ነው» አለ። ወንዳፍራሽ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እኔ አልደወልኩም። የእኔን ድምፅ ማን እንደሚያስመስል ደግሞ ሠራተኛው ሁሉ ያውቃል።»

በቃ! ሌላ ምስክር አላስፈለገውም። ካሳሁን በስልኩ የሰማውን ቢናገርም የሚያምነው አላገኘም። እንቁጣጣሽ ዕለት የሳቀው ሰው ሁሉ ምስክር ሆነ። «ኧረ በትክክል ነው የሚያስመስለው» አሉ። አንድም ሰው «ግን ለምን ያደርገዋል? ራሱስ መቼ ሸሸ?» ብሎ አልጠየቀም። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በታወጀ በአራተኛው ቀን መጥተው ወሰዱት። ጃኬቱን ላልብሰው ስል እንኳ አልጠበቁኝም። ሃያ ቀን የት እንዳለ ሳላውቅ ዞርኩ። ዓይነ ስውር ሰው መሆኑን፣ ሽንት ቤቱን የሚያሳየው ሰው እንደሚያስፈልገው ለማን ልንገር? አራት ወር ቆይቶ ያለ በትሩ፣ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ መጣ። ፋብሪካው አሰናብቶታል፤ ፋይሉ ላይም «የኃላፊ ድምፅ አስመስሎ በር ያስከፈተ» ተብሎ ተጽፏል። ይህ ተጽፎበት ማን ስልክ ላይ ያስቀምጠዋል? እሱ ደግሞ ሌላ ሥራ አያውቅም።

እኔ ብሎኬት ማምረቻ ገባሁ። አሸዋ፣ ሲሚንቶና ፑሚስ የሚሉትን ድንጋይ አቦካለሁ፤ የደረቀውን ውኃ አጠጣለሁ። እድሜ ለወንዳፍራሽ በአርባ አራት ዓመቴ የድንጋይ ዓይነት ለየሁ። ይህ ሁሉ አልከበደኝም። የከበደኝ ሌላ ነው፤ ካሳሁን ከተመለሰ ወዲህ የማንንም ድምፅ አላስመሰለም። ስቆጣ ዝም ብሎ ያዳምጠኛል፤ የሚመልስልኝ ስለሌለ ንዴቴ እላዬ ላይ ይቀራል።

«ይቅር ብዬዋለሁ» ይለኛል በተመለሰ በሁለተኛው ቀን።

«ማን ጠየቀህ? ይቅርታ ያለህ ሰው አለ?»

«ፈርቶ ነው እኮ የሺ።»

«ፈርቶ ከሆነ ፈራሁ ይበላ! አፍ የለውም? ለትእዛዝ ጊዜማ አፍ ነበረው!»

ማታ ማታ አብረን ስንጸልይ «አባታችን ሆይ» ላይ አንድ ቦታ አለች፤ እዚያ ስንደርስ አፌን እዘጋለሁ። አልዋሽም፤ እግዚአብሔር ፊት ቆሜ የሌለኝን አለኝ አልልም። ጸሎቱ ሲያልቅ ካሳሁን «ዛሬም ዘለልሻት» ይለኛል። ጆሮው ነው እኮ ጠላቴ።

ዐቢይ ጾም ገባ። ወንዳፍራሽ ለፋሲካ ሊቆርብ ፈልጎ ንስሐ አባቱ ጋ ሄደ። እሳቸውም የሰፈሩን ወሬ ሳይሰሙ አልቀሩም፤ «ከካሳሁን ሳትታረቅ እንዳትቀርብ» አሉት። ይኸውላችሁ እንግዲህ፤ አራት ወር የታሰረው ባሌ ያላሳሰበው ሰው፣ የፋሲካ ጠዋት ሰው ሲቆርብ ብቻውን እንዳይቀር አሰበ። ኦቦ ጎበናንና ባለሱቁን ሐጂ የህያን ሽማግሌ አድርጎ ላከብን።

ሁለቱንም አከብራቸዋለሁ፤ ቁጭ አሉና ሐጂ የህያ ጀመሩ፤ «ልጄ ካሳሁን፣ ሰውዬው ለጠፋው ሁሉ ይቅርታ ልጠይቅ ብሏል። በአገራችሁ ወግ ድንጋይ ተሸክሞ እግርህ ላይ ይወድቃል።»

«ለጠፋው ሁሉ ማለት?» አልኩ እኔ። «ጥፋቱ ስም የለውም ሐጂ? ደውዬ አስከፈትኩ፣ ሰው ላይ ዋሸሁ አይልም?»

ኦቦ ጎበና ከዘራቸውን መሬት ላይ አደረጉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህቺ ልጅ እውነቷን ነው። በእኛ ዘንድ ዱጋ ነው የሚቀድመው፤ እውነቱ ሳይወጣ እርቅ የለም። እኔም ብዬዋለሁ። አፉን ይዞት ነው መሰለኝ እንጃ፣ ከዚህ በላይ አልናገርም አለ።»

«ይምጣ» አለ ካሳሁን።

«ፋይልህስ? ወንበርህስ? ይቅር ካልከው በኋላ ማን ጉዳዬ ይላል?» ብዬ ጮህኩ። ሽማግሌ ፊት መጮሄን አውቃለሁ፤ አላፈርኩም።

«ይምጣ የሺ» አለ ደግሞ።

ወጉን ለማታውቁት፣ በእኛ አገር ትልቅ በደል የበደለ ሰው ከባድ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ተበዳዩ እግር ላይ ይወድቃል። የድንጋዩ ክብደት የበደሉን ክብደት ማሳያ ነው። ድንጋዩን ከማጅራቱ ላይ የሚያነሳው ደግሞ ሽማግሌ ሳይሆን ተበዳዩ ራሱ ነው፤ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ ያነሳለታል። ከዚያ በኋላ ነገሩ አይነሳም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግቢያችን ሰው ሞላ። የማኅበራችን ሰዎች፣ ጎረቤቱ፣ ያ ከመጋረጃ ጀርባ ያየን ሁሉ ነጭ ለብሶ መጣ። ወንዳፍራሽ ከበሩ ብቅ አለ። ማጅራቱ ላይ የእንጀራ መሶብ ክዳን የሚያህል፣ ጭቃ የለበሰ ድንጋይ ተሸክሟል። ሴቶቹ «ውይ፣ ውይ፣ ከበደው!» አሉ። ሐጂ የህያ «ቀስ በል ልጄ» አሉት። እኔ ግን አንድ ነገር ገረመኝ። ይህ ሰው ቦርሳውን እንኳ በተላላኪ የሚያሸክም፣ ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልክ ሰው ነው። ከበሩ እስከ ካሳሁን ወንበር ሠላሳ እርምጃ ነው፤ አንዲት ላብ ግንባሩ ላይ አላየሁም።

ካሳሁን እግር ላይ በግንባሩ ተደፋ። «ለጠፋው ሁሉ ይቅር በለኝ፣ ስለ እግዚአብሔር» አለ። ጨረሰ።

ካሳሁን ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን በእጁ ፈለገው። ጣቶቹ ጭቃውን ዳሰሱ፤ ጫፉ ላይ ጭቃው ተሰንጥቆ የተላጠች ቦታ አገኙና እዚያ ቆሙ። እኔም ያን ጊዜ ያቺን ቦታ አየኋት። አመድማ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ ነገር። በየቀኑ በአካፋ የማነሳው ፑሚስ! ልጅ በአንድ እጁ ይዞት የሚሮጠው ድንጋይ! ሰውዬው የባሌን አራት ወር በፑሚስ መዝኖ፣ ከባድ እንዲመስል ጭቃ ቀብቶ አምጥቶታል።

ካሳሁን ድንጋዩን የጣት ውፍረት ያህል ከፍ አደረገና መልሶ አስቀመጠው። አወቀ። እጁ እኮ ዓይኑ ነው፤ እንዴት ያታልሉታል? «አሁን ይለዋል፤ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይለዋል» ብዬ ልቤ ዘለለ። እስቲ ንገሩኝ፣ እናንተ ብትሆኑ አትሉም?

እግሩን ከፈት አድርጎ ቆመ። «እህህ!» አለ። የአንገቱ ሥር ተገተረ፤ ክንዱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ድንጋዩን ቀስ እያለ ከማጅራቱ ላይ አነሳው። ኦቦ ጎበና ሊያግዙት ብድግ ሲሉ «ይቆዩ ኦቦ፣ እኔው ላንሳው… ከባድ ነው» አላቸው በታፈነ ድምፅ። ወገቡን ይዞ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ እንደ እህል ጆንያ በጥንቃቄ ከጎኑ አወረደውና ቁና ቁና ተነፈሰ። ከተመለሰ ጀምሮ የማንንም ድምፅ ያላስመሰለው ባሌ፣ ከባድ ድንጋይ የሚያነሳ ሰው አስመሰለ። ሁሉም አመነው። ከዚያ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ።

ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ አፌን ከፈትኩ። ካሳሁን ትንፋሼን ሰምቶ «የሺ፣ ለእንግዶቹ የእጅ ውኃ» አለኝ፤ ድምፁ ልመና ነበረው። ለዚያ ልመና ብዬ አፌን ዘጋሁ። ወንዳፍራሽ ግን ከተደፋበት አልተነሳም። ሐጂ የህያ «ተነስ እንግዲህ፣ አለቀ» ሲሉት አልሰማም። ሲያነሱት ፊቱ የሞተ ሰው ፊት ሆኖ ነበር። ሽሮና ምስር ቀርቦ አንድ ጉርሻ አልቀመሰም፤ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ።

ሰው ሁሉ እንደሄደ ድንጋዩን በአንድ እጄ አንስቼ ካሳሁን ጉልበት ላይ አስቀመጥኩት።

«ይሄ ነው ከባዱ?»

«አውቄያለሁ።»

«አውቀህ ነው? ተሳለቀብህ እኮ! በእግዚአብሔር ስም ተሳለቀ! ለምን አታዋርደውም?»

«ባዋርደው ኖሮ ተበዳዩ እሱ ይሆን ነበር። ተናዶ ይወጣል፤ ሁለተኛ አይመለስም። አሁን ማወቄን ያውቃል። መመለስ ከፈለገ በሩ ክፍት ይሁን ብዬ ነው።»

«ስምህስ?»

ድንጋዩን ሲዳብስ ቆየና «ወንበሬ በጣም ነው የሚናፍቀኝ የሺ» አለኝ። ከዚያ አለቀሰ። ይኼን ሁሉ ጊዜ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር። መልአክ ነው የምትሉት እናንተ ያን ቀን ብታዩት።

ድንጋዩን ልወረውረው አስቤ ነበር፤ እልህ ያዘኝና መታጠቢያው አጠገብ አኖርኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ ስታጠብ ተረከዜን እፈትግበታለሁ። ፑሚስ ለተረከዝ ጥሩ ነው። ካሳሁን ሸርሸር ሲል ይሰማና «የሰውን ንስሐ እየፈተግሽበት ነው?» ይለኛል። «ለዚህ ይበቃዋል!» እለዋለሁ።

ፋሲካ መጣ። ቲቲ ልጆቿን ይዛ ቆረበች፤ ወንዳፍራሽ ከኋላ፣ ከአምዱ ጥግ ቆሞ ቀረ። ደግሞ ምን አስቦ ነው ብዬ ጠረጠርኩት እንጂ አላዘንኩለትም። ከዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት፣ ሰኞ ጠዋት፣ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ቆሟል። ከስቷል፤ ኮቱ ሰፍቶታል።

«የሺሃረግ፣ ያ ድንጋይ አለ?» አለኝ።

«ለምንህ? ሌላ የምታታልለው ሰው አገኘህ?»

«አለ ወይ?»

ከመታጠቢያው አመጣሁለት። ጭቃው ታጥቦ ሄዷል፤ አንዱ ጎኑ ተፈትጎ ልሙጥ ሆኗል። አገላብጦ አየውና «ምን ሆኖ ነው?» አለ።

«ተረከዜን ፈትጌበት!»

ሊስቅ ይሁን ሊያለቅስ አላውቅም። «እንኳንም» አለ። ከዚያ ካሳሁን ወዳለበት ዞሮ፣ «ካሳሁን፣ አብረኸኝ ፋብሪካ ድረስ ና። ብቻዬን ከሄድኩ መንገድ ላይ ሐሳቤን እለውጣለሁ» አለው።

ካሳሁንን የምመራው እኔ ነኝና እኔም ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባን። ወንዳፍራሽ ድንጋዩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ይህን ሰው ይቅርታ ስጠይቅ የተሸከምኩት ይህን ነው» አለ። «ያንሱት። ቀላል ነው። እሱም ቀላል መሆኑን አውቋል፤ ሰው እንዳይስቅብኝ ብሎ ግን ከባድ ነው እያለ አነሳልኝ። ሰባት ሳምንት እንቅልፍ አልወሰደኝም።» ከዚያ፣ «የኋላውን በር ያስከፈትኩት እኔ ነኝ። መኪናዬን ላወጣ ነበር። ሲጠይቁኝ ፈራሁ። ፈራሁና እሱ ላይ አላከክሁት» አለ።

ፈራሁ አለ! አንዲት ቃል እኮ ነች! ይህችን ቃል ለመናገር ሰው ሰባት ወር ይፈልጋል? በእሷ መዘግየት የባሌ በትር ጠፍቷል፣ አጥንቱ ወጥቷል፣ ሳቁ ከቤቴ ጠፍቷል። እዚያው ቢሮ ውስጥ ልጮህ ነበር፤ ካሳሁን ክንዴን ጨበጠኝ። «ከባድ ነበር፣ አይደል?» አለው ወንዳፍራሽን። ይኸው፤ ያለው ይህንን ብቻ ነው።

ወንዳፍራሽ ያለውን ሁሉ ጽፎ ፈረመ፤ በዚያው ሳምንትም ከሥራ ተሰናበተ። የካሳሁን ፋይል ተስተካከለ፤ በግንቦት መጀመሪያ ወደዚያች ስፖንጇ የወጣ ወንበር ተመለሰ። ከሳቁት ምስክሮች አንዳቸውም ይቅርታ አልጠየቁትም። «ድሮም እኮ እናውቅ ነበር፤ አንተ መልአክ ነህ» አሉት። ያቺን ቃል ስሰማ የሚያንቀጠቅጠኝ ለዚህ ነው።

በሦስተኛው ቀን ከብሎኬቱ ሥራ ወጥቼ ምሳውን ላደርስለት ማዞሪያው ክፍል ገባሁ። ስልክ ጠራ። ያ አሮጌ ማዞሪያ ድምፅ ያፈሳል፤ አጠገቡ ስለቆምኩ ለእኔም ተሰማኝ። ወንዳፍራሽ ነው፤ ከውጭ ከሱቅ ስልክ ነው የሚደውለው። «ትእዛዝ» የለ፣ «ጨርሻለሁ» የለ። «ካሳሁን፣ ዕቃዬን ልወስድ መጥቼ ነበር። የዋናው በር አዲሱ ዘበኛ አያውቀኝም፣ አላስገባ አለኝ። የኋላ በር ዘበኛ ጋ ታገናኘኛለህ?» አለ።

ካሳሁን አገናኘው። ሀሰኖ «በስልክ ከፍተን ያየነው ይበቃናል! ወንዳፍራሽ መሆኑን በምን አውቃለሁ?» ሲል ሰማሁ። ልክ ነው፤ በእኔ ቢሆን እዚያው ደጅ ፀሐይ ላይ ቆሞ ይውል ነበር። ካሳሁን መስመሩን አልለቀቀም። በራሱ ድምፅ፣ «እሱ ራሱ ነው። ድምፁን እኔ አውቀዋለሁ። ክፈትለት» አለ።

መነጋገሪያውን አስቀመጠና ወደ እኔ ዞረ። ወዲያው የራሴን ቁጣ በራሴ ድምፅ፣ «ደግሞ ለሱ በር ትከፍታለህ? አንተ ሰውዬ ምን ይሻልሃል?» አለኝ። ገና አፌን ሳልከፍት! ሰባት ወር ያልሰማሁትን ድምፄን ከእሱ አፍ ስሰማ እንባዬ መጣ፤ እየሳቅኩም እየተናደድኩም ዓይኔን በነጠላዬ ጠረግሁ።

«ዕቃውን ይዞ በዚህ በኩል ያልፋል» አለኝ። «ምሳው ለሁለት ይበቃል?»

«አይበቃም!» አልኩት። ለሦስት የሚበቃ ነበር። እያጉረመረምኩ ሄጄ ከክበቡ ሁለት ትርፍ ሳህን ይዤ መጣሁ።